ወደ ግራ የታጠፈው ቀዳዳ

የኦቾሎኒ መፈልፈያ ማሽን ጎኑ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ ምን ይሠራለታል? ማሽን አይቆለፍ፣ ሌባ በቀዳዳ አይገባበት። በዚያ ቀን በኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ይህን የጠየቀ ሁሉ የየራሱን መልስ ይዞ ሄዷል። አንዱ የሙቀት መተንፈሻ ነው ተባለ፣ ሌላው የዘይት ማጠጫ ነው ተባለ። እውነቱን የምናውቀው በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ። ከሁለታችን አንዱ ደግሞ አላውቅም ብሏል።

እኔ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ፤ ብረት በማሽን እያሽከረከርኩ እልጋለሁ፣ እቆርጣለሁ። ሰፈሩ ሞረድ ይለኛል። ለሥራዬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ለምላሴም ነው። አይከፋኝም። ሞረድ የሚጠላው ዝገት ያለበት ብቻ ነው።

አባባ ሲሞት ወንድሜ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። እናታችን ቀድማዋለች። እኔ ደብተሬን አስቀመጥኩና የአባባን ቱታ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፌ ለብሼ ቶርኖው ፊት ቆምኩ። ወንድሜ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው እኔ ከሥራ ሳልወጣ ስለነበር የቤቱን ቁልፍ በክር አድርጌ አንገቱ ላይ አሰርኩለት። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቁልፌ ሆኖ ቀረ። ሌሊት እንኳ አያወልቀውም ነበር፤ ጠዋት ሳጥበው ደረቱ ላይ የቁልፉ ቅርጽ ታትሞ አገኘዋለሁ።

ያ ቁልፍ ደግሞ እንደ ሰው ቁልፍ አልነበረም። አባባ የቤታችንን የብረት በር የሠራው በገዛ እጁ ነው። ቀዳዳውን ሲቆርጥ መጋዙ ሸርተት አለበትና የቀዳዳው ታችኛው ጫፍ እንደ ክርን ወደ ግራ ታጠፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ላሜራውን ጥሎ ከአዲስ ይጀምራል። አባባ ግን ላሜራ መጣል ኃጢአት የሚመስለው ሰው ነበርና፣ ቁልፉን ራሱን እንደ ቀዳዳው አጣሞ ሠራው። «በሩ ካልተቃና ቁልፉ ይጣመማ!» አለ፤ እናታችን እስክትሞት ድረስ ሳቀችበት። እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርቶ እንዲህ ያለ መፍትሔ የሚፈልግ ከእኛ ቤት ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ቤቱ ኋላ ለመንገድ ተብሎ ፈረሰ። እኔ ሌላውን ትቼ በሩን አሸክሜ ወርክሾፔ ግድግዳ ላይ አስደገፍኩት። ወንድሜ ሲያድግ ከአንገቱ ያወለቀውን ቁልፍም አጠገቡ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ሁለቱም እዚያው ዓመታት አቧራ ጠጡ።

ማሽኑን ለመሥራት የተነሣሁት በንዴት ነው። ገበያ ላይ ያለው መፈልፈያ ሁሉ ጥርሱ ብረት ነው፤ ቅርፊቱን ሲሰብር ፍሬውንም አብሮ ያደቀዋል። ሴቶቹ የደቀቀውን ለቅመው ለመሸጥ ሲጨቃጨቁ አያለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሞክር፣ ስሰብር፣ ስረግም ቆይቼ፣ አንድ ቀን የብረቱን ጥርስ አውልቄ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የቆረጥኩትን ቁራጭ አሰርኩበት። ጎማው ቅርፊቱን ብቻ አሽቶ ሰበረው፤ ፍሬው እንደ ተወለደ ሙሉውን ዱብ ዱብ አለ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። የቀረኝ የጎን መሸፈኛ ነበር፤ ላሜራ ደግሞ ያን ሰሞን ከገበያ ጠፍቷል። ዓይኔ የአባባ በር ላይ አረፈ። ለክቼ ቆረጥኩት፤ ቀዳዳው የመሸፈኛው መሐል ላይ ቁጭ አለ። በብየዳ ልደፍነው አስቤ ኤሌክትሮዱን ሁሉ አንሥቼ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።

ቁልፌ ያኔ ተምሮ፣ ተመርቆ፣ በፈጠራ ማበረታቻ ቢሮ ውስጥ ባለሙያ ሆኗል። አንድ ቅዳሜ የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ሽፋኑ ላይ የራስ ቆብ ያደረገ ሰው ይስቃል፤ እጁ ላይ ግን አንዲት ጠባሳ የለችም።

«እትዬ፣ ይሄ አዲሱ ፖሊሲ ነው» አለኝ። «ግማሹን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«የትኛውን ግማሽ?»

«ቀልዱን ተይና ስሚኝ። ሀገር ከውጭ ማሽን እያስገባ አያድግም። የሚያድገው አንቺን የመሰለ ሰው ያሰበውን አስመዝግቦ፣ ቦታና መብራት አግኝቶ፣ ሠርቶ ሲሸጥ ነው። ፈጠራውን ያስመዘገበ ሰው በአዲሶቹ ሼዶች ቦታ ይሰጠዋል። ሦስት ፌዝ መብራት ይገባለታል። አምስት ዓመት ግብር የለበትም። ደግሞ ማንም ሊገለብጥበት አይችልም!»

እኔ በወረቀት ልቤ የሚቀልጥ ሴት አይደለሁም። ግን ያን ዓመት የወርክሾፖቻችን መደዳ በር ሁሉ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ ተነሡ ተብለናል። ቶርኖ እንደ ሻንጣ አንጠልጥለው የሚሄዱበት ነገር አይደለም። ማሽኑ በስሜ ከተመዘገበ ሼድ አገኛለሁ፤ ካልተመዘገበ አባባ ያወረሰኝ ሥራ እኔ ላይ ያበቃል። ደግሞ ልዋሽ አልፈልግም፣ ስሜ አንድ ቦታ ተጽፎ ማየትም አምሮኛል።

ደንቡ ፈጠራው በሥዕልና በልኬት ተደግፎ ይቅረብ ይላል። እኔ ሥዕል አላውቅም፤ የምሠራው ከቆርቆሮ በቆረጥኩት ፎርማ ነው። ስለዚህ ቁልፌ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ እያንዳንዷን ቡሎን እየለካ ይስል ጀመር። እኔ ምሳ አቀርባለሁ፣ እሱ ይስላል፣ በሐሳብ እንጨቃጨቃለን፣ እንስቃለን። ከእሱ ጋር እንደዚያ የተቀመጥኩት ከልጅነቱ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ መሸፈኛው ጋ ደረሰ።

«ይሄስ?» አለ።

«ታውቀዋለህ» አልኩት።

ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ። መታጠፊያውን ዳሰሰ። ከዚያ መለኪያውን አንሥቶ የመታጠፊያውን ማዕዘን ሳይቀር ለካና ሥዕሉ ላይ አሰፈረው።

«ለማሽኑ እኮ ምንም አይሠራም፤ ተወው» አልኩት።

«ይሁን። አባባም አብሮን ይመዝገብ» አለኝ።

 ዓይኔን እንዳያየው ዞር ብዬ ብረት መያዣውን ሞርሳ ያለ ምክንያት አጠበቅሁ።

ሥዕሉ ሲያልቅ አንድ ወረቀት አምጥቶ «እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» አለ። አንቺን ወክዬ ጉዳዩን እንድጨርስ ነው አለ፤ ከመስኮት መስኮት እንዳትንከራተቺ። እኔ ብረት ሦስት ጊዜ ሳልለካ አልቆርጥም። ወረቀቱን ግን ሳላነብ ፈረምኩ። ማንን ልጠርጥር? ፊደል ያስቆጠርኩት ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜዎቹ ባዶ ሆኑ። ስደውልለት «በሂደት ላይ ነው እትዬ» ይላል። ሂደቱ ክረምቱን አለፈ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነኝ ይላል፤ ከበስተኋላው ግን ወፍ ሲጮህ ይሰማኛል። ወፍ የሚሰበሰብበት ቢሮ እንደሆነ እንጃ። ቢሆንም አልጠረጠርኩም፤ ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ ለጎረቤት እንኳ ጠበቃው እኔ ነበርኩ።

በኋላ ነው ጎረቤቴ በያጁ የመጣው። ፍንጣሪ እንለዋለን፤ ዝም ማለት አይችልም፣ ወሬ ሲይዝ እግሩ መሬት አይነካም። ያን ቀን ግን እያመነታ ገባና አንድ የማስታወቂያ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «ሞረዴ፣ እስቲ ይሄን እዪው። እኔ ተሳስቼ ይሆናል» አለኝ። የፈጠራ ኤግዚቢሽን ማስታወቂያ ነበር። ፎቶው ላይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ የሚያምር፣ አዲስ የኦቾሎኒ መፈልፈያ ይታያል። ጎኑ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ አለ። ታችኛው ጫፉ ወደ ግራ ታጥፏል።

 ከሚስማሩ ላይ ቁልፉን አወረድኩ፤ ቱታዬን እንኳ ሳልለውጥ ሄድኩ።

አዳራሹ ምንጣፍ ተነጥፎበት፣ በየጥጉ አበባ ተቀምጦበታል። ማሽኑ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ቆሟል። ከፊቱ ደህና ሱፍ የለበሰ ሰው ለተሰበሰበው ሕዝብ ያብራራል፤ ባለ ፋብሪካው ነው። ቀስ ብዬ ተጠጋሁና አየሁት። የኔው ነው። የጎማዎቹ አደራደር የኔ፣ የወንፊቱ ዘንበል ማለት የኔ፣ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው ያገኘሁት ዘንጉ የሚሽከረከርበት የኩሽኔታው ቦታ የኔ። አዲስ ላሜራ ገዝተው፣ በመልካም መሣሪያ፣ የአባባን ስሕተት ተጠንቅቀው ቆርጠውበታል።

«ይሄ ቀዳዳ ለምንድን ነው?» አልኩት።

«የሙቀት መተንፈሻ ነው እናቴ» አለ ሰውየው ሳያፍር።

«ለምን ታጠፈ ታዲያ?»

ትንሽ አሰበ። «አቧራ እንዳይገባ» አለ።

ሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበብኩ። አምራች ተብሎ የፋብሪካው ስም አለ። ፈጣሪ ተብሎ ደግሞ የወንድሜ ስም፣ ከነማዕረጉ፣ ከነአባቱ። የአባባ ስም ነው እንግዲህ፤ አባባ በእርግጥም ተመዝግቧል። እኔ ነኝ የሌለሁት።

ጽሑፉን ደግሜ ሳነብ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ቁልፌ ነው። ክራባት አስሯል፣ ሽቶው ይሸታል። ከመጋረጃው ጀርባ ባለች ጠባብ ኮሪደር ወሰደኝ።

«እትዬ፣ ልነግርሽ ነበር» አለ።

«መቼ? ስሞት?»

«ስሚኝ። የመጀመሪያው ዓመት ሪፖርታችን ባዶ ነበር። አንድ ፈጠራ ገበያ ላይ ካልወጣ ፖሊሲው ይሰረዛል ተባልን። አንቺ በዓመት ስንት ማሽን ትሠሪያለሽ? አራት? ፋብሪካው በወር መቶ ይሠራል። መቶ! ያን ያህል ገበሬ ኦቾሎኒው ሳይደቅበት ይሸጣል። ዕድገት ማለት ይሄ አይደለም?»

«ነው። መቶ ይሥራ፣ ሺሕ ይሥራ፣ ማን ከለከለው? ስሜን ማን ፋቀው ነው የምልህ።»

«ደንቡ ፈጣሪው የትምህርት ማስረጃ ያቅርብ ይላል። አንቺ ደግሞ የለሽም።»

«ደንቡን ማን ጻፈው?»

መሬት መሬት አየ። «ግማሹን...» አለ።

«ታዲያ እኔ የወደቅኩት በየትኛው ግማሽ ነው?»

 ትምህርቴን ያቋረጥኩት ለማን እንደሆነ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። የሚያውቀውን መንገር ልመና ይመስላል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«እምቢ ትላለች ብዬ ፈራሁ።»

«እምቢ እንደምል ካወቅህ የኔ መሆኑንም ታውቃለህ ማለት ነው።»

እጄን ያዘው። እጁ ለስልሷል። «ዛሬ ብቻ ዝም በዪልኝ። ኃላፊዋ እየመጣች ነው። ይሄ ነገር ከተበላሸ ፖሊሲው ይወድቃል፤ ያንቺ አይነት ስንት ወርክሾፕ ነው አብሮ የሚወድቀው? ለፋብሪካው ነግሬልሻለሁ፣ ተቆጣጣሪ አድርገው ይቀጥሩሻል። ነጭ ጋዋን ትለብሻለሽ፣ ትጦሪያለሽ።»

በሬ ካራጁ ይውላል የሚሉት እኔን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ እያቀረብኩለት ኖሬያለሁ። ይበልጥ የቆረጠኝ ግን ሌላ ነው፤ ሌባ ቢሆን ኖሮ የምለውን አውቅ ነበር፤ እሱ ግን የሚለውን ከልቡ ያምናል። እኔን አሳልፎ የሰጠኝ ለሀገር ዕድገት ብሎ ነው። ለእንደዚያ ያለ ሰው ስድብ አልተሠራም።

«አብረን እንውጣ» አልኩት። «አንተ ራስህ ንገራቸው። ፋብሪካውም ይሥራ፣ ፖሊሲውም ይቁም። ‹የሠራችው እህቴ ናት› በል፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። ሼዱም ይቅር።»

ክራባቱን አስተካከለ። መልሱ እሱ ነበር።

ስንወጣ የቢሮው ኃላፊ መድረኩ ጋ ደርሰዋል፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሴት ናቸው። ባለ ፋብሪካው ስለ መተንፈሻው ማብራራት ጀመረ። እኔ ወደ ፊት አለፍኩ።

«ክብርት ኃላፊ፣ ይህ መተንፈሻ አይደለም። የአባቴ በር የቁልፍ ቀዳዳ ነው።»

ሰው ሳቀ። ቁልፉን አውጥቼ ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩት። ገባ። አዞርኩት፤ ዞረ። ሳቁ ቆመ። ባለ ፋብሪካው «ማንኛውም ቁልፍ ይገባል እኮ!» አለ። ኃላፊዋ ግን የዋዛ አልነበሩም፤ የኔን ቁልፍ አስነቅለው፣ የአዳራሹን ጥበቃ ጠርተው የያዘውን የቁልፍ ዘለላ አንድ በአንድ አስሞከሩት። አንዱም አልገባም። የኔን መልሼ ከተትኩት። ያኔ ስለ በሩ፣ ስለ መጋዙ፣ ስለ ላሜራው አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። «ቁልፉን ይህ ልጅ ነው አንገቱ ላይ አድርጎ ያደገው፤ ይጠይቁት» አልኩ።

ኃላፊዋ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «እርስዎ፣ ይህን ቁልፍ ያውቁታል?»

ቁልፉን አየው። እኔን አየኝ። ቀኝ እጁ ሳያዝዘው ተነሥቶ ክራባቱ ሥር፣ ክሩ ይውልበት የነበረው ቦታ ላይ ሄዶ አረፈ።

«አላውቀውም» አለ።

«ሴትዮዋስ?»

«እህቴ ናት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰሞኑን ትንሽ ጤና የላትም። ይቅርታ ያድርጉልን።»

ኃላፊዋ በሐዘኔታ አዩኝ። ከስድብ ይልቅ ያ አስተያየት ገደለኝ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ መንገድ ለቀቀልኝ፤ ለታመመ ሰው እንደሚለቀቅ። ሰፈር የሚፈራው ምላሴ ተሳሰረ። ቁልፉን ሳልነቅል ወጣሁ።

አቤቱታ አላቀረብኩም አይደለም። ሦስት መስኮት ተመላልሻለሁ። ሥዕሉን አምጪ አሉኝ፤ ሥዕሉ ያለው በሱ እጅ ነው። ፈርመሻል ወይ አሉኝ፤ ፈርሜያለሁ። ውክልና ያልኩት ወረቀት ለካ መብቴን ሁሉ በፈቃዴ ያስተላለፍኩበት ኖሯል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ግን ፈረሱን ራሴ ኮርቻ ጭኜ፣ ልጓሙንም አቀብዬ ነው የወደቅኩት። ፖሊሲው አልወደቀም። እንዲያውም ተሞገሰ። ኋላ እንደሰማሁት አሁን የሚወጡት ማሽኖች ጎናቸው ድፍን ነው፤ መተንፈሻው አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም ተብሏል።

የመደዳችን መነሻ ቀን ደረሰ። ቶርኖውን ስምንት ሰው ተጋግዞ በጋሪ አውጥቶ፣ ፍንጣሪ መኖሪያ ቤት ጓሮ፣ ሸራ ሥር አስቀመጠልኝ። እዚያ ሦስት ፌዝ መብራት የለም፤ ቶርኖው አይዞርም። ዕቃ ሰብስቤ ስጨርስ የፖስታ ሠራተኛ መጣ። ፖስታው የላኪ ስም የለውም። ከፈትኩት፤ ደብዳቤም የለውም። ቁልፉ ነው። ነጭ፣ አዲስ ክር ተደርጎበታል፤ ቋጠሮው እኔ በልጅነቱ አንገቱ ላይ የማስርለት ዓይነት ነው።

በሰው ፊት አላውቀውም ያለውን በፖስታ አወቀው። ፍንጣሪ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በይ እንግዲህ፣ ጸጽቶታል። ወንድም አይደል? ሄደሽ አናግሪው» አለኝ። ልሂድ፣ አልሂድ እያልኩ ቁልፉን በእጄ መዘንኩት። እኔ ልሰማ የፈለግኩት አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷን ሰው ፊት ነው የሚሏት።

«ብየዳህን አምጣው» አልኩት።

የኔን ማሽን፣ የመጀመሪያውን፣ በጎኑ አስተኛነው። ክሩን በጥርሴ በጥሼ ጣልኩት። ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩት፤ እንደ ሁልጊዜው ልክክ አለ።

«አንቺ ሴት፣ ማስረጃሽ እኮ ነው!» አለ ፍንጣሪ።

«ለማን ነው የማሳየው?»

መከላከያውን ፊቴ ላይ አውርጄ ቁልፉን ከነቀዳዳው በየድኩት። ሲበርድ ትርፉን በመጋዝ ቆረጥኩ፤ ከዚያ ሞረዱን አንሥቼ ከላሜራው ጋር እኩል እስኪሆን ላግሁት። በመዳፌ ዳሰስኩት። ምንም አያስታውቅም። እጄ በዚህኛው ጊዜ እምቢ አላለኝም።

ፍንጣሪ ጎንበስ ብሎ ነጩን ክር ከመሬት አነሣ፤ አቧራውን አራገፈለት።

«ይሄ ክርስ የማነው ልበል?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩት።